የሐሙስ ወገን

አባቴ ሐሙስ ጠዋት ጫማውን ጠርጎ፣ ባርኔጣውን አድርጎ እስከ በሩ ከሄደ በኋላ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሐሙስ ቀን በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴን በቀበርን በሁለተኛው ሳምንት እንኳ «ሐሙስ ነው» ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አፍ አውጥቼ ባልናገርም ተቀይሜዋለሁ። ሻይ ቀዳሁለት። ስኳሩን ሳያማስል ጠጣና ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በመስኮቱ የባጃጅ ጩኸትና ከአሁኑ ላብ የሚያስመጣ ሙቀት ይገባል። የክፍሉ ዕቃ ሁሉ እናቴ እንደተወችው ነው፤ ብፌው፣ ከብፌው በላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር የአባቴ የደም ግፊት ክኒን።  ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ብርጭቆውን አንሥቼ ማጠብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሐሙስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ ወልደ ሚካኤል ለብዙ ዓመት የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ጓደኛው አያ ሸረፈዲን፣ በአጭሩ አያ ሸረፉ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቃቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አውጥተው ይሠራሉ፤ ቆቦ ውስጥ እሳቸው ሱሪ ያላሳጠሩለት ወንድ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱ የማይከራከሩበት ነገር የለም። የመሬት አዋጁ፣ ሕገ መንግሥቱ፣ ደም ሲፈስ ፍርድ ቤት ይበልጣል ወይስ የአገር ሽማግሌ፣ አንድ ሚስት ወይስ ሁለት፣ የማን ጾም ይከብዳል። አላፊ አግዳሚው የተጣሉ መስሎት ሊገላግል ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ወንበር ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ግን የምር ተጣሉ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በምን እንደተጣሉ ሁለቱም ረስተነዋል ይላሉ፤ አላምናቸውም። አራት ወር ሙሉ ሳይነጋገሩ ከቆዩ በኋላ የአያ ሸረፉ ሚስት እትዬ ዓሊማ ሁለቱንም አስቀምጣ ፈረደችባቸው። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ አንተ የሱን ወገን ይዘህ ትከራከራለህ፣ እሱም ያንተን ወገን ይዞ ይከራከርሃል አለች። የሰውየውን ነገር ከራሱ ከሰውየው አሳምረህ መናገር ካቃተህ አልሰማኸውም ማለት ነው፤ ሳትሰማው ደግሞ በምን ትጣላዋለህ? ከዚያ በኋላ በርጩማዋን በሁለቱ መካከል አድርጋ በየሐሙሱ ማን እንደረታ ትፈርድ ነበር። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። በርጩማዋ እዚያው ነው፤ ሐሙስም አልቀረም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንዱ ሐሙስ፣ አባቴ ረስቶት የወጣውን ክኒን ላደርስለት ወደ በረንዳው ሄድኩ። የዕለቱ ጉዳይ ሞንታርቦ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ። ቀኑ ሐሙስ ስለሆነ አባቴ የአያ ሸረፉን ወገን ይዟል። የስፌት ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ልክ እንደ አያ ሸረፉ ጫፉን እያራገበ ሲናገር ሳየው ደስ አለኝና ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩት። ስድስት ደቂቃ ይሆናል። አባባ ናፈቀኝ እያለች ለሰነበተችው፣ ደሴ ላለችው እህቴ ለቤተልሔም ማታውን ላክኩላት። እሷም የሚያስቀውን ግማሽ ደቂቃ ቆርጣ ስታተሷ ላይ አደረገችው፤ የቀረው አስለቅሶኝ ነው ያላደረግኩት አለችኝ በኋላ። ማን ከዚያ እንደወሰደው አናውቅም። በሦስተኛው ቀን ቲክቶክ ላይ በቀይ ፊደል «ቤተ ክርስቲያንን ዝም በይ የሚለው የማኅበር ሰው» ተብሎበት ወጣ። ስድሳ ሺህ ሰው አይቶታል። አባቴ እንዲህ ሲል ይታያል፤ «አንዲት ሴት ታማ ተኝታለች። ሞንታርቦው ራስጌዋ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም። ቀስ ብለን ብንጸልይ እግዚአብሔር አይሰማንም? ዝጉት ነው የምላችሁ።» መጨረሻው ላይ አጭር የሴት ሳቅ አለ። አስተያየት የሚጽፈውን ሁሉ ከቃሉ ይልቅ ያበሸቀው ያ ሳቅ ነው፤ ሰው ሰብስቦ በቤተ ክርስቲያን የሚያሳልቅ ሽማግሌ አሉት። የሳቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ቀራጩ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ሰው ነው እየተባለ ሲወራ እኔም ዝም አልኩ።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የሚካኤል ማኅበር ተሰብስቦ የአባቴን ነገር ሊያይ ነው። ከእናቴ ከተናኜ ጋር ሠላሳ ዓመት የጠጡት ጽዋ ነው። የኅዳር ሚካኤል ተራ ደግሞ የእኛ ነው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድግሱ ቤታችን ይገባል። ከአሁኑ ጌሾው ተወቅጦ ጓዳ ተቀምጧል፤ አባቴ በቀን ሁለት ጊዜ እየገባ ያየዋል። እሱን የሚያሳስበው ጽዋው ነው እንጂ ስድሳ ሺው ሰው አይደለም።

«ሐሙስ ነበር በላቸው» አልኩት በመጨረሻ። «ነገሩ በዚህ ያልቃል።»

«ሐሙስ ነበር ካልሁ፣ ታዲያ ቃሉ የማን ነው ይሉኛል። የሸረፉ ነው ልበል?» ባርኔጣውን አስተካከለ። «እኔን ቢበዛ ከማኅበር ነው የሚያስወጡኝ። የሱ ሱቅ መንገድ ዳር ነው።»

 በዚህ ዘመን የተቆረጠች ቪዲዮ በአንድ የመንገድ ዳር ሱቅ ላይ ምን ልታመጣ እንደምትችል ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ቀረጽኩት ልለው አፌን ከፈትኩ። «ሥራሽ ረፈደብሽ» አለኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤቴ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ነው። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ጄኔሬተር ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሰዉ ሁሉ እኔ ዘንድ ተሰልፏል። ቤንዚን በጥቁር ገበያ ስለምገዛ አንዱን ገጽ ከአምስት ብር ወደ ስምንት አድርጌዋለሁ፤ የሚሳደብ ይሳደባል፣ ግን ይከፍላል። ሁለት ሴቶች ተራ እየጠበቁ በአንድ ስልክ ሲያዩ የአባቴን ድምፅ ሰማሁና መታወቂያ የማባዛ መስዬ አቀረቀርኩ። ከዚያ የማኅበሩ ሰብሳቢ ዘላለም ገባ። ዘላለም እህል ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴ ስትሞት ድንኳኑን እጁ እስኪላጥ የተከለ ሰው ነው። ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ይዞ ቆመና በእጅ የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ሌላው ቦታ ሁሉ መብራት የለም፣ አንቺን ላስቸግር አልፈለግኩም ነበር አለኝ። ወረቀቱ ላይ «ጉዳዩ፦ ከማኅበር አባልነት ስለ ማሰናበት» ይላል። የአባቴ ስም ሙሉ ከነአያቱ አለ። ስብሰባው ገና ስድስት ሰዓት ያህል ይቀረዋል፤ ውሳኔው ግን ተጽፎ መጥቷል።

ምናልባት ካስፈለገ ተብሎ እንጂ አልተወሰነም አለ ዘላለም፤ ፊቴን አያየኝም። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ሌት ተቀን እየደወሉ መውጫ መግቢያ እንዳሳጡት ነገረኝ። አባትሽ ይቅርታ ከጠየቀና ከዚያ በረንዳ ከቀረ እኔው በእጄ እቀደዋለሁ አለ። ከዚያ በረንዳ መቅረት የሚለውን ቀለል አድርጎ ነው ያለው፤ ቡና ተው እንደማለት። ጻፍኩለት። የአባቴን ስም ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስት ቅጂ አትሜ ሰጠሁት። ሃያ አራት ብር ነው ልለው አልቻልኩም። ሃምሳ ብር ከስቴፕለሩ ሥር አስቀምጦ ወጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልነካሁትም።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱን ዘግቼ ወደ አያ ሸረፉ ሄድኩ። የአባቴ ወንበር እንደወትሮው ተጠርጎ ወጥቷል። መካከሉ ላይ የእትዬ ዓሊማ በርጩማ አለ፤ የተቆረጠ የዩኒፎርም ጨርቅ ተከምሮበታል። አያ ሸረፉ መኪናውን አቁመው አባቴን ሳልይዝ በመምጣቴ ቅር እንዳላቸው ሁሉ ከኋላዬ መንገዱን አዩ። ልጃቸው ሙህሲን በሱቁ በር ላይ ቆሟል። የመስጊዳቸው ሰዎችም መክረዋቸዋል፤ ሰሞኑን ከዚህ ነገር ራቁ፣ ሱቃችሁን ጠብቁ ተብለዋል። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። አባባ ዝም ሊል እንደሆነ ነገርኳቸው። ሙሉው ቪዲዮ እጄ ላይ እንዳለም ነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ አያ ሸረፉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው የቀረጸው?»

«እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። «የተናገረው የዓሊማን ነገር ነው» አሉ። «ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ ታውቂዋለሽ። ታማ በተኛችበት ክረምት እንቅልፍ የሚባል አላየችም። እኔ ጎረቤቴን በጸሎቱ ልናገረው አፈርሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። አባትሽ ብቻ ነው ያወቀ። በኔ አፍ ቢሆን አልወጣም ነበር፤ እሱ ተናገረልኝ።» ፈገግ አሉ። «ዝጉት ግን አላልሁም፤ ቀንሱት ነበር ያልሁ። አባትሽ ሁልጊዜ ይጨምርበታል።»

ስብሰባው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሙህሲን ከበሩ ሳይንቀሳቀስ አባ የትም አይሄዱም አለ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው፤ ሚስቱ ራዊያ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ ሱቁም የሁሉም እንጀራ ነው። አባትና ልጅ ተያዩና ሁለቱም ጨርቁን ማየት ጀመሩ። አያ ሸረፉ «ሂጂ ልጄ፣ ዙሁር ልስገድ» ብለው ብቻ ተነሡ። እንደሚመጡ ወይም እንደማይመጡ ሳላውቅ ሄድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴን ይዤ የገባሁበት የዘላለም ሳሎን ሰፊ ነው፤ ሶፋዎቹ የተሸፈኑበት ላስቲክ አልተነሣም፤ ሰው ሲቀመጥ ይንጫጫል። አሥራ አራት ሰው ተሰብስቧል። መብራት ስለሌለ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ ሁሉም በያዘው ነገር ያራግባል። መጀመሪያ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት፤ ዘንድሮ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ለቃሚ ታጥቶ መሬት ላይ በሰበሰ አሉ። ደብዳቤው በስኳር ዕቃ ተጭኖ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሶፋው ጥግ እማማ ማሚቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እግራቸው ከያዛቸው ሁለት ዓመት አልፏል፤ በባጃጅ አምጥተው፣ በሰው ተሸክመው ነው ያስገቧቸው፤ የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዟል። ለስንቱ ሲፈርድ የኖረ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው መሰለኝ። 

ዘላለም ቪዲዮውን ሁሉም ስላየው አልከፍተውም አለና አባቴን ጠየቀው። አባቴ ቃሉ ከአፌ የወጣ ነው አለ። ታምንበታለህ ወይ ተባለ። «አላምንበትም» አለ። ታዲያ ለምን ተናገርከው ሲባል ዝም አለ።  ሌላው ያቺ የምትስቀው ሴት ማን ናት አለ። አባቴ ባርኔጣውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ፤ አላውቅም አላለም፣ አውቃለሁም አላለም።  ዘላለም ይቅርታ ጠይቅና ከዚያ በረንዳ ቅር፣ ይኸው ነው አለው በልመና ድምፅ። አባቴ ይቅርታውን እጠይቃለሁ፣ በረንዳውን ግን አልተውም አለ። ዘላለም የስኳሩን ዕቃ አነሣ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ አያ ሸረፉ ጫማቸውን ሲያወልቁ አየን። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማንሣት ረስተዋል። ሙህሲን ከኋላቸው ቆሟል። ሰላም ዋላችሁ አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ ሰው ይነሣል፤ ያን ቀን ማንም አልተነሣም። እማማ ማሚቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እግራቸውን ሰበሰቡና ሶፋውን መታ መታ አደረጉላቸው። አያ ሸረፉ ግን አልተቀመጡም።

«ቃሉ የእኔ ነው» አሉ። «ወልዴ የእኔን ነው የተናገረው። ደብዳቤ ካላችሁ በእኔ ስም ጻፉት።»

«ማን ና አለህ?» አለ አባቴ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ነገሩን ይዤው ነበር እኮ።»

አያ ሸረፉ ሐሙስን አስረዱ። የእትዬ ዓሊማን ፍርድ፣ የሕመሟን ክረምት፣ ሁሉንም ቀስ ብለው ተናገሩ። የሰዉ ፊት ግን እየጠቆረ ሄደ። አንድ ጎልማሳ፣ እንግዲያው ቤተ ክርስቲያናችን ትዘጋ የምትለው አንተ ነሃ አለ። ሙህሲን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። አያ ሸረፉ ድምፁ ይቀነስልኝ ብዬ ተመኝቻለሁ፣ አልዋሽም አሉ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ፈርቶት የነበረው ይኸው ነበር።

«አንተስ ያን ዕለት ለእኛ ምን አልህልን?» አሉ እማማ ማሚቴ ድንገት። ዓይናቸው ተገልጧል። «ወገን ተቀያይረን ነበር ካላችሁ፣ አንተ የኛን ይዘህ ነበር። ምን አልህ?»

አያ ሸረፉ አፈሩ። ረሳሁት አሉ፤ እንዳልረሱት ያስታውቃሉ። ስልኬን አወጣሁ። ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምንና ራሱን ነቀነቀ፤ ተይ ነው። «የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አልኩ ለሁሉም፣ ወደሱ ሳላይ። «የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ሙሉው ይኸው።» ከአራተኛው ደቂቃ ከፈትኩትና ስልኩን እማማ ማሚቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩ። የአያ ሸረፉ ድምፅ ወጣ።

«ዝጉት ትለኛለህ። ተናኜ አራት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ቅዳሴ መሄድ ቀረባት፤ ቅዳሴው ግን በመስኮት ይገባላት ነበር። ልጠይቃት ስመጣ ቆይ ትለኛለች በእጇ፤ አሜን የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቤቷ የመጣላትን ቤተ ክርስቲያን ዝጉባት ልትለኝ ነው? ዝጋው ካልህ ራስህ ሂድና ንገራት።»

ከዚያ በቪዲዮው ላይ አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል።  

እማማ ማሚቴ ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁም። እኔም ከተኛሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የማስቀድሰው አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ። ከዚያ ወደ አያ ሸረፉ ዞሩ። «ዓሊማ በአጥር የምትለየኝ ጎረቤቴ ነበረች። እንቅልፍ ማጣቷን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔው ቄሱን አስጠርቼ እለምንላት ነበር። ለምን አፈርኸኝ?» አያ ሸረፉ ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ከዚያ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሶፋው ተንጫጫ።

ሁሉም ሰው አልተስማማም። ጎልማሳው ይህ የተቀነባበረ ነው ብሎ ሳይሰናበት ወጣ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ዘላለምም ደብዳቤውን አልቀደደውም፤ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ግን እማማ ማሚቴ የኅዳር ሚካኤል ተራው የወልደ ሚካኤል ነው፣ እኔን ማን እንደሚሸከመኝ ከአሁኑ ተነጋገሩ ሲሉ አይሆንም ያለ አልነበረም። እሸከማቸዋለሁ ያለው ሙህሲን ነው፤ በባጃጅ አላለም፣ በጀርባዬ አለ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ባርኔጣውን ሲያደርግ ብዙ ቆየ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ነበርን። ጸሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ሙቀቱ በረድ ይላል፤ ከጎብዬ የሚመጡ ሚኒባሶች አቧራ እያነሡ ያልፋሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገና ሳይቀመጡ ጀምረዋል። አያ ሸረፉ የእኔን ቃል የኔ ነው ብለህ ልታልፍ ነበር፣ ይህ ሌብነት ነው ይላሉ። አባቴ ቃል የተናጋሪው ነው እንጂ የአሳቢው አይደለም ይላል፤ ሕግ ጠቀሰ፣ አንቀጹን ግን አላስታወሰም። ማን ይፍረደን ተባባሉ። አያ ሸረፉ ከበርጩማው ላይ የዩኒፎርሙን ጨርቅ አነሡና በእጃቸው ጠረጉት። «ቁጭ በይ» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ማንም ያልተቀመጠበት ነው። ተቀመጥኩ። ከመፍረዴ በፊት ግን አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግኩ፤ ሦስት ሳምንት እንዴት እንደደበቅኩት፣ ሱሪ አሳጣሪው ሲታማ እንዴት ዝም እንዳልኩ መናገር ጀመርኩ። አባቴ አላስጨረሰኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ አለ።

«መጨረሻው ላይ ሳቅ አለ። የእናትሽ ሳቅ ነው፤ ስድሳ ሺህ ሰው ባያውቀው እኔ አላውቀውም?» ክኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ያለ ውኃ ዋጠው። «ዝም ያልሁት ለሸረፉ ብቻ መሰለሽ?»

አያ ሸረፉ መነጽራቸውን አድርገው የመኪናቸው መርፌ ላይ ክር ለመሰካት ሞከሩ፤ አልገባላቸውም፤ ተቀብያቸው ሰካሁላቸው።